ባላራትን አይቼ ስመለስ ደላንታን አሰብኩ

(ደሴ ላይ ለአስጎብኚነት ለሚሰለጥኑ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። ጽሑፉን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ።

ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህች የደላንታ ኦፓል ናት፣ ከዚሁ ከወሎ የወጣች የከበረ ድንጋይ። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ወደ መስኮቱ ሳዞራት አረንጓዴ ትሆናለች፤ ትንሽ ዘንበል ሳደርጋት ደግሞ ከውስጧ ቀዩ ብልጭ ይላል። ከፊት ያላችሁ በደንብ እዩልኝ፣ በኋላ ምስክር ትሆኑኛላችሁ። አያችኋት? በሉ አሁን እዚህ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ልጨምራት። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ። ስንጨርስ እናያታለን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባላራት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ያለች የድሮ የወርቅ ከተማ ናት። እህቴ ሜልቦርን ትኖራለች፤ ፉትስክሬይ በሚባል የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ በሞላበት ሰፈር። ልጠይቃት ሄጄ ሦስት ወር ተቀመጥኩ። አንድ ቅዳሜ ልጇን ይዤ በጠዋት ወጣሁ። ባቡሩ የሚነሳበት ጣቢያ ሳውዘርን ክሮስ ይባላል፣ ደቡባዊ መስቀል ማለት ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከዚያ ባላራት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሐምሌ ነበር። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እነሱም ክረምታቸው ነው፣ ግን የእነሱ ክረምት ብርድ ነው። ከባቡሩ ስወርድ ፊቴን የመታኝ አየር ከጦሳ ጧት የሚወርደውን ብርድ አስታወሰኝና ወዲያው ቀለለኝ፣ እንግድነቱ ለቀቀኝ።

ከጣቢያው ወጥታችሁ ሊዲያርድ የሚባለውን ጎዳና ስትይዙ ግራ ቀኙ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ባንኩ፣ ቲያትር ቤቱ፣ ሆቴሉ። ያን ሁሉ የሠራው ወርቅ ነው። ወርቁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ከዚህ በኋላም የባላራትን ወርና ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ወሬው እንደተሰማ ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካ፣ ከቻይና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። ከዚያ በፊት አገሩ የዋዳውሩንግ ሕዝብ ነበር። በጎችና ቆፋሪዎች መጥተው መሬቱን ያዙባቸው፤ ዛሬ ከተማዋን የምታስጎበኝ ሁሉ ታሪኩን ከእነሱ እንድትጀምር እየተደረገ ነው። ዘግይቷል፣ ግን መጀመሩ ልክ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ሶቨሪን ሂል ወደሚባለው ቦታ ነው። ሶቨሪን የእንግሊዞች የወርቅ ሳንቲም ስምም ነው። ቦታው ክፍት የአየር ሙዚየም ነው፣ በ1970 ነው የተከፈተው። የ1850ዎቹን ሰፈር እንዳለ ቀጥ አድርገው ሠርተውታል። ድንኳኑ፣ ዳቦ ቤቱ፣ አንጥረኛው፣ በፈረስ የሚጎተተው ሠረገላ፣ ሁሉም ይሠራል። ሰዎቹ የዘመኑን ልብስ ለብሰው ነው የሚያናግሯችሁ። ቀይ ኮት የለበሱ ወታደሮች ተሰልፈው ጠመንጃ ይተኩሳሉ፤ የእህቴ ልጅ ደንግጦ እግሬ ሥር ገባ።

የወርቅ ማጠቢያውን ግን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔም እዚያ ነው ከግማሽ ቀን በላይ የቆየሁት። ትንሽ ጅረት አለች። ሳፋ የሚመስል ዝርግ ብረት ይሰጧችኋል። አንድ ሽማግሌ፣ ባርኔጣው ግንባሩ ላይ የወረደ፣ ልጁን አጠገቡ አቁሞ ያስተምረው ጀመር። አሸዋና ጠጠሩን በአካፋ ከጅረቱ ወለል ትዝቃለህ። ውኃ ትጨምርና በክብ ታወዛውዘዋለህ። ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አድርገህ ከላይ ያለውን ታፈሳለህ። ደግመህ ትዝቃለህ፣ ደግመህ ታወዛውዛለህ። እናቶቻችን ጤፍ ሲያንገዋልሉ እጃቸው እንዴት እንደሚሄድ ታውቁ የለ? እሱው ነው፣ በነፋስ ፈንታ በውኃ። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራ አሸዋ ሦስት እጥፍ እንኳን አይደርስም። ስለዚህ አሸዋው ይሄዳል፣ ወርቁ ሥር ይቀራል። መጨረሻ ላይ ጥቁር አሸዋ ብቻ ቀረ፣ እንደ ባሩድ የደቀቀ። ሽማግሌው ሳፋውን በጣቱ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው። ከጥቁሩ ጫፍ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ቢጫ ነጥብ ብቅ አለች። ልጁ ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያዝኩ። ወርቁን ወደ ጅረቱ የሚጨምሩት ራሳቸው ናቸው፣ አይደብቁትምም። ግን እጃችሁ ላይ ስታዩት ይህን ሁሉ ትረሱታላችሁ። የዚያን ዘመን ሰው ከግማሽ ዓለም ማዶ ቤቱን ጥሎ እንዴት እንደመጣ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ያ በጅረት የሚታጠብ ወርቅ ግን ቶሎ አለቀ። የቀረው ጥልቅ ውስጥ ነበር። ድሮ ድሮ ወንዞች ወርቅ ተሸክመው ይፈሱ ነበር፣ በኋላ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ቀልጦ የወረደው ድንጋይ ወንዞቹን ከነወርቃቸው ቀበራቸው። ቆፋሪው ያን ጥቁር ድንጋይ በስቶ መውረድ ነበረበት። ወራት ትቆፍራለህ፣ ትደርሳለህ፣ ባዶ ይሆናል። አጠገብህ ያለው ደግሞ ያገኛል። በ1858 22 ሰዎች ተባብረው ሲቆፍሩ 55 ሜትር ገደማ ወርደው 69 ኪሎ የሚመዝን አንድ ወጥ ወርቅ አገኙ። በማግስቱ ዓመት ለንደን ሄዶ ቀለጠ፣ ሳንቲም ሆነ። ዛሬ ባላራት ሄዳችሁ የምታዩት አምሳያውን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ወርቁ የለም፤ ሰው ግን አሁንም ይመጣል።

ለምን ይመጣል? አንዱ ምክንያት ጠቡ ነው።

መንግሥት ቆፋሪውን በወር 30 ሽልንግ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ወርቅ አገኘህ አላገኘህ አይጠየቅም። ፖሊስ በየጉድጓዱ እየዞረ «ፈቃድህን አሳይ» ይላል፣ ወረቀቱ ድንኳን ውስጥ ከቀረ ይይዝሃል። ቆፋሪው ግብር ይከፍላል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም። በጥቅምት 1854 ጀምስ ስኮቢ የሚባል ቆፋሪ አንድ ሆቴል በር ላይ ተገደለ። የተጠረጠረው ባለ ሆቴል በነፃ ተለቀቀ። ሕዝቡ ነደደ፣ ሆቴሉንም አነደደው። በኅዳር መጨረሻ ቆፋሪዎቹ ፈቃዳቸውን አቃጥለው በአዲስ ባንዲራ ሥር ተንበርክከው ማሉ። ባንዲራው ሰማያዊ መደብ ነው፣ ነጭ መስቀልና አምስት ኮከብ አለው። ኮከቦቹ ደቡባዊ መስቀል የሚባሉት ናቸው፤ ያ የባቡር ጣቢያ ስሙን የያዛቸው። እኛም እናያቸዋለን እኮ። በግንቦት መጀመሪያ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ደቡቡ ገላጣ የሆነ ቦታ ላይ ቁሙ። ከአድማሱ ብዙም ሳይርቁ ቀጥ ብለው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1854፣ እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ወታደርና ፖሊስ ዩሪካ በሚባለው የወርቅ ሰፈር ቆፋሪዎቹ ያጠሩትን የእንጨት አጥር ሰብሮ ገባ። ብዙው ቆፋሪ ሌሊቱን ወደ ድንኳኑ ሄዶ ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። ከ20 በላይ ቆፋሪዎች ሞቱ፣ ከወታደሮቹም የሞቱ አሉ። በእኛ ዘመን ስታስቡት፣ ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። 13 ሰው በአገር ክህደት ተከሰሰ። መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቀረበው ጆን ጆሴፍ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ ቆፋሪ። ዳኞቹ ነፃ አሉት። ሕዝቡ ወንበር ላይ አስቀምጦ ተሸክሞት በሜልቦርን ጎዳና ዞረ። ሌሎቹም ተራ በተራ ነፃ ወጡ። በዓመቱ የወር ክፍያው ቀረ፤ በምትኩ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት ወረቀት መጣ፣ እሱን የያዘ ደግሞ ድምፅ ይሰጣል። የቆፋሪዎቹ መሪ ፒተር ሎለር በውጊያው ግራ እጁን አጥቷል። እሱም ፓርላማ ገባ፣ በኋላም አፈ ጉባኤ ሆነ። ዛሬ መሃል ከተማው ላይ ሐውልቱ ቆሟል።

ሁሉም ያምራል ማለቴ አይደለም። በዚያው 1855 ባላራት ባለችበት ግዛት፣ ቪክቶሪያ፣ የሚወርድ እያንዳንዱ ቻይናዊ 10 ፓውንድ እንዲከፍል ሕግ ወጣ። ያን ላለመክፈል ጎረቤት ግዛት ወደብ ላይ ወርደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ነው ወርቁ ጋ የሚደርሱት። ይህም በጉብኝቱ ላይ ይነገራል፤ መነገሩን ወድጄዋለሁ።

ባንዲራውን አየሁት። ዋናውን፣ ያኔ የተውለበለበውን። ዩሪካ ሴንተር ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ጨርቁ ተቀዳዷል፣ ትልቅ ክፍሉ የለም። ያወረደው ፖሊስ ቤተሰብ ዘንድ ለብዙ ዘመን ተቀምጦ ነበር፤ በ1895 ለከተማው የሥነ ጥበብ ማዕከል በውሰት ሰጡት። በየጊዜው ሰው ለማስታወሻ እያለ ጫፍ ጫፉን ይቆርጥ ነበር። ስፌቱን ቀረብ ብዬ አየሁት፣ በእጅ የተሰፋ ነው። እዚያ ፊት ለአፍታ ዝም ብዬ ቆምኩ። የተቆረጠው ሁሉ ለአንድ ሰው ኪስ ማስታወሻ ሆኖ ጠፋ፣ የቀረው ግን የአንድ ሕዝብ ሆነ።

አሁን ወደ ውጭ ልውጣ፣ ባላራትን የወደድኩት በዚህም ነውና። ከተማው መሃል ዌንዱሪ የሚባል ሐይቅ አለ። ዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ሰው ይሮጣል፣ ይራመዳል፣ ጥቁር ዝይ የሚመስሉ ረጅም አንገት ያላቸው ወፎች ይዋኛሉ። በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ የጀልባ ቀዘፋው እዚህ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችበት ኦሎምፒክ ነው፤ ማሞ ወልዴም እዚያው ሜልቦርን ሮጧል፣ ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ከማምጣቱ በፊት። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ሐይቁን እስክንጨርስ ስለ ማሞ ብቻ ሲጠይቀኝ ዋለ። ይኸው ሐይቅ ከ2006 ጀምሮ በድርቅ ደርቆ ሣር በቅሎበት ነበር፤ ውኃው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ሐይቅና አርዲቦ አጠገብ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። ውኃ አለ ብሎ መተኛት አይቻልም።

ከሐይቁ አልፎ ሌላ መንገድ አለ። 22 ኪሎ ሜትር፣ ግራ ቀኙ ከ3,700 በላይ ዛፍ። እያንዳንዱ ዛፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመተ አንድ የባላራት ሰው የተተከለ ነው። ያስተከሉት የአንድ ልብስ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ናቸው። የኮምቦልቻ ሰው ካለ ይህን ይስማልኝ፣ ልብስ ሰፊዎች ናቸው ያን ያህል ጥላ ለከተማቸው ያቆሙት። ቡኒንዮንግ የሚባለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ላይ ወጥታችሁ አገሩን ቁልቁል ታያላችሁ፤ ከዚያ ተነስቶ እስከ ቤንዲጎ ድረስ በድሮ ቆፋሪዎች አገር የሚያልፍ 210 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። ላል ላል የሚባል 34 ሜትር ፏፏቴም አለ። የእኛን ገደል ላየ ሰው ቁመቱ አያስደንቅም። መንገዱ የተጠረገ፣ ምልክቱ የቆመ፣ መቀመጫው የተሠራ መሆኑ ግን ያስቀናል።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። ከባላራት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ክሬስዊክ የምትባል ከተማ አለች። በታኅሣሥ 1882፣ አጼ ዮሐንስ የእኛን ደሴ ስሟን ሰጧት በሚባልበት ዓመት፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ገባ። ሃያ ሰባት ሰው ታች ቀረ። 22ቱ ሞቱ። ውኃው እየወጣ ሲመጣባቸው፣ ምሳ ይዘውባቸው በነበሩት የቆርቆሮ ጣሳዎች ላይ ለቤተሰቦቻቸው ቃል ጫሩ። ጣሳ ላይ! ወረቀት አልነበራቸውማ። ይህን ስሰማ ያሰብኩት ክሬስዊክን አይደለም። ደላንታን ነው።

ደላንታ ላይ ኦፓል በሰፊው ከታወቀ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ወገልጤና አካባቢ ገደሉን ታውቃላችሁ። ኦፓሉ ያለበት ሽፋን ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ነው፣ ከላዩም ከሥሩም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጭኖታል። ልጆቻችን ገደሉ ፊት ላይ ተንጠልጥለው በዲጅኖና በመዶሻ ወደ ውስጥ ይቦረቡራሉ። የናደባቸው አሉ። ከእናንተ መሃል ወንድሙን ያጣ እንዳለ አውቃለሁ፤ አላህ ይማራቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስማቸው የት ተጽፏል? ዲጅኗቸው የት አለ? የመጀመሪያውን ድንጋይ ያገኙት ሰዎች እኮ አሁንም በሕይወት አሉ፣ ገበያ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ባላራቶች አምሳያ ሠርተው፣ ተዋናይ አልብሰው የሚያሳዩትን፣ እኛ ባለቤቱን ቡና አፍልተን ከአቦል እስከ በረካ ልንጠይቀው እንችላለን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። የማዕድን ሥራው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። የቆፋሪዎቹን ድምፅ ቅዱ። የተሰበረ ዲጅኖ፣ ያረጀ ባትሪ፣ የመጀመሪያው ደላላ ሚዛን፣ ያለው ሰው እንዳይጥለው ንገሩት፤ አንድ ክፍል ቤት ይበቃል ለመጀመሪያ። የሞቱትን ስም ከቤተሰባቸው ጠይቃችሁ ጻፉ። እንግዳ ስታመጡ ደግሞ ሰው የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡ፤ ከአምባው ጫፍ ላይ ሆናችሁ ገደሉን አሳዩት፣ ይበቃዋል። ከዚያው ሜዳ ላይ ቆማችሁ የምትነግሩት ሌላ ታሪክም አለ። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በደላንታ አልፈው በሽሎን ተሻግረው መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን መድፍ ያለፈበትን መንገድ በእግር የሚሄድ እንግዳ የለም? ሞልቷል። የጠፋው የሚመራው ሰው፣ ውኃ የሚያገኝበት ቦታ፣ የሚያድርበት ንጹሕ ቤት ነው። ይህ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው።

ስለ ሽያጩም አንድ ነገር። አንድ ጊዜ አብራኝ የመጣች እንግዳ ከአንድ ሱቅ ኦፓል ገዛች። ማታ እጇን ስትታጠብ ቀለበቷን አላወለቀችም። ጧት ቁርስ ላይ እያለቀሰች መጣች። ድንጋዩ ቀለሙ ጠፍቷል፣ መስታወት ነው የሸጡልኝ አለች። መስታወት አልነበረም። የሸጠላት ሰው ግን ምንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም፣ አጠገቧ ቆሜ። አገሯ እስክትገባ ድረስ እንደተታለለች ነው ያሰበችው። ይህ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እስቲ አሁን ብርጭቆውን እንየው። ቅድም የመሰከራችሁ ልጆች፣ ኑ ቅረቡ። የት አለች? አዎ፣ እዚያ ናት፣ ሥር ላይ። ማዶውን ታሳያለች፣ በውስጧ ጣቴ ይታያል። አረንጓዴውም ቀዩም የለም። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ እንዲህ ይሆናል። አውጥታችሁ ፀሐይ ሳይመታት፣ እሳት ሳይነካት፣ በራሷ ጊዜ ከደረቀች ቀለሟ ይመለሳል። ጥቂት ቀን ነው የሚፈጀው። ለዚያች እንግዳ ይህን ብነግራት ኖሮ በእጇ ይዛ ትጠብቀው ነበር።

በሉ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፏት፤ ውኃው እንዳይፈስ። ከኋላ ያላችሁም እዩ። የፊታችን ቅዳሜ እዚሁ ስንገናኝ ደርቃ አመጣታለሁ።